ምንም የማይሸከም ምሰሶ

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ ዳባት መንገድ ዳር ሰዎች ባሕር ዛፍ ይልጡ ነበር። አዲስ ቤት ሊሠራ ነው መሰለኝ። ግንዱ በረድፍ ተጋድሟል፤ ልጣጩ እንደ እርጥብ ቀበቶ እየተጠቀለለ እግራቸው ሥር ይወድቃል። ያን ሽታ ታውቂዋለሽ፤ አፍንጫ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ዝናብ የሚመስል። ደክሞኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስናገር ስለዋልኩ ጉሮሮዬ ጠመኔ የዋጥኩ ያህል ደርቋል። ቢሆንም ቆምኩ። ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወርኩና ዝም ብዬ አሸተትኩ።

"ቲቸር፣ እንጨት ጠፋብሽ እንዴ?" አለኝ ከሠራተኞቹ አንዱ።

ሰውነቴ ዳባት ቢቆምም ሐሳቤ ደባርቅ ገብቶ ነበር።

ያን ሰሞን የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። አዲስ ቤት ተከራይተሽ፣ "ስገባበት መንፈሴ የሚያርፍበት እንዲሆን እንዴት ላዘጋጀው? መቼም አንቺ ነገር ማስተካከል ትወጃለሽ" ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፣ እወዳለሁ። ጠሞ የቆመ ዴስክ ሳላቃና ትምህርት አልጀምርም። መልሱንም በቅደም ተከተል ላስረዳሽ አስቤ ነበር፤ መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ አየር፣ ቀጥሎ የግድግዳ ቀለም እያልኩ። ያ ሽታ ግን ቅደም ተከተሌን አፈረሰብኝ። ስለ ቤትና ስለ መንፈስ በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ደባርቅ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የሚገኝ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። አባቴ የቢሮ ሠራተኛ ስለነበር ቤቱን የሠራው ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ነው፤ አንድ ዓመት መስኮት፣ ሌላ ዓመት የሲሚንቶ ወለል። ኮርኒሱን ግን የሠራችው እናቴ ናት። የደባርቅን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፤ ላቡ እየተንጠባጠበ አልጋ ላይ ይወርዳል። እናቴ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ሰበሰበች፤ ስፌቱን ፈታች፤ ወንዝ ወስዳ አጠበች፤ ከዚያ በጆንያ መርፌ አንዱን ከአንዱ ሰፍታ እንደ ትልቅ ሸራ አደረገችው። ክረምቱን ሙሉ ሰፋች። አባቴና ጎረቤቶች ወጥረው ሲቸነክሩት ቤቱ ወዲያው ሞቀ፤ ድምፃችን ሳይቀር ለስለስ አለ። የከረጢቶቹ ጽሑፍ በእጥበት ጨርሶ ስላልለቀቀ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ የፊደሎቹን ጥላ እያነበብኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ "ቀና በሉና እዩልኝ" አትልም። ሰውየው ቀና እስኪል ግን ዓይኗን ከእሱ አታነሣም።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ወደዚህ ቤት የመጡት መንደራቸው ከላይ ተራራው ላይ ካለው ፓርክ ውስጥ ሲነሣ ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ደባርቅ ሲወርድ እሳቸውም ወረዱ። ሚስታቸው ቀደም ብለው ሞተው ነበር። ጎጇቸው ፈርሶ እንጨቱ ሲሸጥ ቆመው አላዩም አሉ፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የወጡት። ይዘው የመጡት ከዘራቸውን፣ ጋቢያቸውንና አንድ አሮጌ አቁማዳ ነበር። ቤታችን ሲደርሱ ደፉ ላይ ቆመው፣ "ሰላም ለዚህ ቤት" አሉና መካከሉን አዩ። ከዚያ ግራና ቀኙን አዩ። አንድ ነገር እንደሚፈልጉ ያስታውቅ ነበር። መቀመጫ የፈለጉ መስሎን ሶፋው ላይ አስቀመጥናቸው። ጫፉ ላይ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ።

ክፍላቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ስለ ቤት አያያዝ ተምረን ስለነበር የተማርኩትን ሁሉ እዚያች ክፍል ውስጥ አዋልኩት። አልጋውን ከመስኮቱ ንፋስ እንዲርቅ ወደ ማዕዘኑ አስጠጋሁ። ሰማያዊ መጋረጃ ሰቀልኩ። ለከዘራቸው ሚስማር መታሁ። ቅዝቃዜው እግራቸውን እንዳይነካ ከአልጋው ሥር የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩ። አገራቸውን እንዲያስታውሱ ደግሞ ከግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ ሥዕል ቀድጄ ከአልጋው ፊት ለፊት ለጠፍኩ።

አስገብቼ ሳሳያቸው እያንዳንዱን አስረዳኋቸው። "አባባ፣ አልጋው እዚህ የሆነው ብርድ እንዳያገኝዎት ነው። መጋረጃው ሰማያዊ የሆነው ዓይን ስለሚያሳርፍ ነው።"

"እሺ የኔታ" አሉኝ፣ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር የሆንኩ ይመስል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ይኸው ሆነ። ቀጥለው ሥዕሉን አተኩረው አዩት። "ይቺንስ አውቃታለሁ። ገብሴን ስትጨርስ የኖረች ናት። አሁን ደግሞ ተከትላኝ መጣች?"

አባቴ ሳቀ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። በሳቁበት በዚያ ምሽት ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ግን አልተኙም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ እናቴ በሩን ልትከፍት ስትል ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ደፉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። በሚቀጥለውም እንዲሁ። እናቴ ፍራሹን ቀየረችላቸው። አባቴ ከአንድ ዘመዳችን ወፍራም ብርድ ልብስ አመጣ። እኔም አልጋውን ወደ ሌላኛው ማዕዘን አዞርኩት። ምንም አልሠራም። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ይባስ ነበር። የሣር ክዳን ዝናብን ጸጥ አድርጎ ነው የሚጠጣው፤ ቆርቆሮ ግን ይጮሃል። በረዶ በጣለ ቀን ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው፣ "ይሄ ሁሉ ገብስ እኔ ላይ ነው እንዴ የሚወቃው?" አሉ። ከአፋቸው የምትወጣው ቀልድ እየቀነሰች፣ ጉንጫቸው እየጎደጎደ ሄደ። ምግብ ሲቀርብላቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው አንድ ሁለቴ ይጎርሱና እጃቸውን ይሰበስባሉ። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ በሽታ አልተገኘባቸውም።

ጎረቤታችን የሆነችው ሴትዮ መጥታ ክፍሉን ቃኘችና፣ "ቤቱ ላይ ጥላ አለበት" አለች። የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ጠበል ረጩ። ከአያቴ ጋር ግን እስኪመሽ ድረስ ስለ ላይኛው አገር ሲጫወቱ ቆዩ። ሲወጡ አባቴ በር ላይ አስቁሞ፣ "አባ፣ ምን አገኙ?" አላቸው።

"ቤትህ ንጹሕ ነው" አሉ። "አባትህ ግን ገና አልገባም።"

አባቴ ይህን ነገር ለብዙ ጊዜ ሲያብሰለስለው እሰማ ነበር። "እንዴት አልገቡም? ገብተው የለም እንዴ?" እያለ ለእናቴ ይነግራታል፤ እናቴም "እኔ ምን አውቄ" ትለዋለች።

ይኸው መብራት ጠፋ። እዚህ እኔ የተከራየሁበት ግቢ መብራት ሲጠፋ የሁሉም ቤት ቴሌቪዥን አንድ ላይ ዝም ይላል፤ ይህ ደግሞ ደስ ይለኛል። ልንገርሽ፣ እኔ ራሴ በዚህች ክፍል ውስጥ እስካሁን መጋረጃ እንኳ አልሰቀልኩም። ፈተና አርሜ፣ ተማሪ ገሥጬ፣ ሰባት ጊዜ ያስረዳሁትን ለስምንተኛ አስረድቼ ስገባ፣ ጫማዬን ለማውለቅ ያህል እንኳ አቅም የለኝም። ወደ ነገሬ ልመለስ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቴ ጠፍተው ቤቱ ተረብሿል። ከዘራቸው ሚስማሩ ላይ የለችም። አባቴ ከቢሮ ሮጦ መጥቶ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መናኸሪያውን አሰሰ። ወሬው የመጣው በማግስቱ ነው። ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ የጥበቃ ስካውት የሆነ ዘመዳችን በመንገድ ላይ አግኝቷቸው፣ አሳድሯቸው፣ በጭነት መኪና ይዟቸው ወረደ። በእግራቸው ነው እዚያ የደረሱት። ከንፈራቸው በብርድ ተሰነጣጥቋል።

"ወዴት እየሄዱ ነው ብላቸው፣ ወደ ቤቴ አሉኝ" አለ ስካውቱ ለአባቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ቤት የለም እኮ እዚያ። ድንጋዩ ብቻ ነው የቀረው። እኔ ባላያቸው ብርዱ ይጨርሳቸው ነበር። ሁለተኛ እንዳትለቋቸው።"

አባቴ ያን ቀን ሲያለቅስ አየሁት፤ በጓሮ በኩል ዞሮ፣ ፊቱን ከግድግዳው አስጠግቶ። አባቱን በእጁ ይዞ እያለ ሊያጣቸው ነው ብዬ ፈራሁ። እንደገና ከወጡ፣ እንደገና ስካውት ላያያቸው ይችላል። ከዚያን ቀን ወዲህ በሩን የምትጠብቅ አንዲት ነፍስ ሁልጊዜ ቤት ትቀር ጀመር። እሳቸውም አወቁት። ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ፣ "ደረስኩ፣ ደረስኩ፣ አልጠፋሁም" ይሉ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ሆነና አብሬያቸው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ከግቢያችን አጥር በላይ ቀጭን ብርሃን ትለቅ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ነገሩን በሥርዓት ልፈታው ተነሣሁ።

"አባባ፣ ለምንድን ነው የማይተኙት? ድምፁ ነው?"

"ድምፁስ ይለመዳል።"

"አልጋው ነው? ብርሃኑ ነው?"

"አልጋሽ ደግ ነው። መጋረጃሽም ደግ ነው።" ፊታቸውን ወደ ሳሎኑ መለሱ። "ለመሆኑ የዚህ ቤት ምሰሶ የት ነው?"

"የምን ምሰሶ?"

"የቤቱ ነዋ። መካከሉ ባዶ ነው እኮ።"

ይህንማ አውቀዋለሁ ብዬ ደስ አለኝ። በጣቴ መሬት ላይ እየሣልኩ አስረዳኋቸው። ቤቱ ክብ አይደለም፤ አራት ማዕዘን ነው። የጣሪያው ክብደት በወጋግራው አድርጎ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፤ ግድግዳው ውስጥ ቋሚዎች አሉ፤ ስለዚህ መካከል ላይ ምሰሶ አያስፈልግም። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"ገባኝ የኔታ" አሉ። "ጣሪያውን ግድግዳው ይሸከማል። እኔንስ?"

መሬት ላይ የሣልኩትን አራት ማዕዘን አየሁ። እሳቸው ግን፣ ከመጡ ጊዜ ጀምሮ ያልተናገሩትን ያህል ተናገሩ። እዚያ ቤታቸው ውስጥ ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጥተው ሲቀመጡ፣ እሳቱም ሰዉም ከፊታቸው ነው፤ የልጆቻቸውን ፊት አንዴ ዞር ብለው ያዩታል። ሚስታቸው አባቴን ያማጠችው ያንን ምሰሶ አቅፋ ነው። ዕድሜ ልኳን እንዝርቷን የምትሰቅለው እሱ ላይ ነበር። ሰው ሲሞትባቸው ግንባራቸውን የሚያስደግፉት እሱ ላይ ነበር።

"ክብ ቤት ሰው አይደብቅም" አሉ። "ይህ ማዕዘን የምትሉት ነገር ግን፣ ዘወር ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ቆሞበት የሚያየኝ ይመስለኛል። በእኛ አገር ማዕዘን ቢኖርም እንኳ እዚያ የሚተኛው የታመመ በግ ነው።"

ይህን ሁሉ ማታ ለአባቴ ነገርኩት። የሳሎኑን መካከል አየ። "ያን ዕለት ሲገቡ የፈለጉት እሱን ነበር" አለ።

በቅዳሜ ገበያ አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ገዝቶ በሰው አስይዞ መጣ። ግቢያችን ውስጥ ሲላጥ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። አናጢው ጠዋት መጣ። የሰፈራችን አናጢ ነው፤ ምላሱ ከመጋዙ የሚፈጥን ሰው።

"ለየትኛው ክፍል ነው ቋሚው?" አለ።

"ለሳሎኑ። ልክ መካከሉ ላይ" አለ አባቴ።

አናጢው ገብቶ ወደ ላይ አየ። "ጣሪያው አልጎበጠም እኮ። ምን ሊሸከም ነው?"

"ምንም።"

"ምንም? ታዲያ ምን ሊሠራ?"

"ሊቆም።"

አናጢው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ቆሞ ውሎ ቆሞ የሚያድር፣ ምንም የማይሸከም! የመንግሥት ሠራተኛ ነው በለኛ!"

"አንተ ደግሞ ሥራህን ጀምር፤ ስታወራ ፀሐይ ትገባለች" አለ አባቴ፤ ግን እሱም ሳቀ።

ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። ከጓዳ ብቅ ብላ፣ "ወለሌን ብትቆፍሩት ግድ የለኝም" አለች። "ኮርኒሴን ግን እንዳትነኩት። አንድ ክር ብትበጠስ አልታረቃችሁም።" አባቴ አንገቱን ደፋ። አናጢውም "ኧረ እመቤት፣ በጥፍሬም አልነካብሽ" ብሎ ማለ። ስለዚህ ሜትሩን ዘርግቶ ከወለል እስከ ኮርኒሱ ለካ፤ የእንጨቱ ጫፍ ከረጢቱን እንዳይፈትገው ብሎ ደግሞ ከዚያም ጥቂት አሳጠረው። ሲሚንቶውን ሰብረው፣ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በድንጋይ ጠቅጥቀው ተከሉት። ነጭ፣ እርጥብ፣ ቀጥ ያለ ምሰሶ። እኔ እንኳ ዞሬ ዞሬ አየሁት፤ ሳሎናችን አዲስ ሰው የገባበት መሰለ።

አያቴ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ለዕረፍት የወረደው ስካውቱ ዘመዳችን አብሯቸው ሄዶ ነበር። ሲመለሱ አባቴ እንደ ልጅ በር ላይ ጠበቃቸው። "አባ፣ ይግቡና ይዩ" አለ።

ገቡ። አዩት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር በራ፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ቀረብ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ ወጣ። በምሰሶው አናትና በኮርኒሱ መካከል ክፍተት ነበር። ከዘራቸውን አንሥተው ጫፏን በክፍተቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ አሳለፉት።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ።

"ምሰሶ ነው አባ" አለ አባቴ።

"ምሰሶ ጣሪያ ይነካል።" ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። "ጣሪያ ያልነካ፣ በሰው ፊት የተተከለ እንጨት ስሙ ሌላ ነው። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ ስሙን ንገረኝ።"

አባቴ የተቆረጠውን የምሰሶውን አናት አየ።

"ችካል ይባላል" አሉ። "ጥጃ ይታሰርበታል። ወደ ላይ እንዳልወጣ ነው አይደል? ደግ። ገመዱንም አምጡት እንግዲህ።"

አናጢው ሚስማሩን ወደ ሳጥኑ እየሰበሰበ ነበር፤ እጁ ቆመ። ምላሱም ጠፋበት። አባቴ "ኧረ አባ፣ በማርያም" ማለት ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። እኔ ማስረዳት ፈለግሁ፤ ስለ ኮርኒሱ፣ ስለ ልኩ፣ ስለ አናጢው መሐላ። አያቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡና የግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "ነገ መኪና ካገኘሁ በመኪና፣ ካላገኘሁም በእግሬ" ሲሉ ሰማኋቸው። "ሜዳ ላይ የሞተ ሰው ነጻ ነው። አይታሰርም።" የሚያወሩት ለማንም አልነበረም።

አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ያን ጊዜ እሳቸውን የሚመልስ ነገር ያለ አልመሰለኝም። በር ልንዘጋባቸው አንችልም፤ ከዘጋን ደግሞ ያሉት እውነት ሊሆን ነው።

እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ተመልሳ ገባች። ዕቃ ስትፈልግ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ስትወጣ ቢላ ይዛለች። ወንበር ስባ ከምሰሶው አጠገብ አቆመችና ወጣችበት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለ አባቴ ቀና ብሎ።

ቢላውን ኮርኒሱ ውስጥ ሰካችና ወደ ራሷ ጎተተችው። ከረጢቱ ረጅም፣ ደረቅ ድምፅ አሰማ። አቧራና ያረጀ የሸረሪት ድር ፀጉሯ ላይ ተራገፈ። አንድ ጊዜ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ቀደደችው። ከላይ ቀዝቃዛ አየር ወረደ፤ በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የገባች የብርሃን ጠብታም ታየች።

"ኧረ እመቤት!" አለ አናጢው። "ክረምት ሙሉ የሰፋሽውን!"

"የተሰፋ ነው፤ ደግሞ ይሰፋል" አለች፣ ቁልቁል እንኳ ሳታየው። "አንተ ረጅም እንጨት ፈልግ። ከላይኛው እንጨት ጋር እስኪሳሳም ድረስ።"

አናጢው ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለሌላ ሰው ሥራ ያስቀመጠውን ረጅም ግንድ ከሱቁ አመጣ። አጭሩ ተነቅሎ ረጅሙ ተተከለ። ወንበር ላይ ቆሞ፣ እጁን በተቀደደው ውስጥ አስገብቶ፣ በምሰሶው አናትና በአግዳሚው እንጨት መካከል ማጥበቂያ ሽብልቅ መታ። መጀመሪያ የመዶሻው ድምፅ ልል ነበር፤ ከዚያ እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ሄዶ ቤቱ ራሱ ሲጥ አለ።

እናቴ ራሷ ወጥታ ጠራቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። እሷ ለእሳቸው ምራት ናት፤ ፊት ለፊት ብዙ አትናገራቸውም ነበር። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ከኋላዋ ገቡ። ተነቅሎ የተጋደመውን አጭሩን እንጨት ተራምደው አለፉት። ቀና አሉ። በተቀደደው በኩል እንጨት ከእንጨት ጋር ተገናኝቶ አዩ። ምሰሶውን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱት፤ እሱም ጠንካራ፣ አጭር ድምፅ መለሰ።

"አባባ፣ ጥጃ ካለዎት ሌላ ቦታ ይፈልጉለት" አለ አናጢው፣ በፍርሃት።

አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። የተቀደደውን ኮርኒስ፣ ከዚያ አቧራ የለበሰውን የእናቴን ፀጉር አዩ። "ልጄ፣ ቤትሽን ቀደድሽው" አሉ።

"ይቀመጡ አባቴ" አለቻቸው። "ደክሞዎታል።"

መሬት ላይ ያነጠፈችላቸው አጎዛ ላይ ቀስ ብለው ወረዱ። ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጡ። ትከሻቸው ሲወርድ፣ እስከዚያን ጊዜ ከፍ ብሎ እንደነበረ ያወቅሁት ያኔ ነው። ዓይናቸውን ከበሩ ጀምረው በክቡ አዞሩት፤ አባቴን፣ አናጢውን፣ እኔን፣ እናቴን።

"አየኋችሁ" አሉ። "ሁላችሁንም አየኋችሁ።"

እንግዲህ አሁን እሳቸው የሉም። ከዚያ በኋላ የኖሩትን ያህል ኖሩ፤ ሲሄዱም ከዚያው ቤት ነው የሄዱት። አባቴ ጡረታ ሲወጣ እሱና እናቴ ቤቱን ሸጠው ጎንደር እህቴ ጋር ገቡ። የገዙት ሰዎች ምሰሶውን ነቅለውት ይሁን ትተውት አላውቅም። በዚያ በኩል ሳልፍ ገብቼ ልጠይቅ አስባለሁ፤ ከዚያ ሚኒባሱ ይሞላና እሄዳለሁ። ስለ መጋረጃሽ ቀለምም፣ አልጋሽን ወደየት እንደምታዞሪውም፣ እውነት ለመናገር ዛሬ መልስ የለኝም። ምናልባት ከመመለሴ በፊት ማወቅ የነበረብኝ፣ ስትቀመጪ ጀርባሽን የምትሰጪው ለየትኛው ምሰሶ እንደሆነ ነው። እኔም ይህን ለራሴ ጠይቄ አላውቅም።

ያን ከሰዓት አናጢው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ገና ፀሐይ ነበረች። አያቴ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዶ፣ አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አባቴ ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ ይራመድ ጀመር። ከላይ የሚወርደው ብርድ ግን በቀጥታ እሳቸው ላይ ነበር። እናቴ አላስቻላትም። የጆንያ መርፌዋን አምጥታ፣ ወንበሩን ድምፅ እንዳያሰማ አንሥታ አቆመችና ወጣች። የተቀደደውን ጠርዝ እያጠፈች፣ ልክ እንደ ሸሚዝ አንገት፣ በምሰሶው ዙሪያ ሰፋችው። እኔ ወንበሩን ይዤላታለሁ። ቀና ስል የከረጢቱ ፊደሎች ተቆርጠው፣ ተጣጥፈው፣ ከማንበብ ወጥተዋል።

ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አንድ ረጅም ነጭ ክር እየተንሳፈፈ ወርዶ አያቴ ራስ ላይ አረፈ። እናቴ ከወንበሩ ወርዳ ልታነሣው ጎንበስ አለች። እጇን ዘረጋች። ከዚያ የትንፋሻቸውን ድምፅ አዳመጠችና እጇን መለሰችው።